ፖፕሊን ላይ የወጣች ፀሐይ

ጋሼ ፍሬን ዕድሜያቸውን የጨረሱት የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ውሻ መንገድ ልሻገር ብሎ ቢያስብ እንኳ እሳቸው ፍሬን ይይዛሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ቆሞ የሚሄደውን ሳይጥሉ፣ የተኛውን ሳይቀሰቅሱ ማቆም ያውቁበታል። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸውንም ሰፈሩ እትዬ መርፌ ይላቸዋል፤ አንድም በሙያቸው፣ አንድም በምላሳቸው።

የጋሼ ፍሬን መስመር ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ አመሻሽ ላይ ወደ ምዕራብ ስለነበር፣ ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም ፊት ለፊታቸው ናት። መከለያውን ቢያወርዱ በሥሩ ትገባለች፤ ኮፍያ ቢደፉ በጎን ትዞራለች። ዓይናቸው ሲያለቅስ ኖሯል። ጡረታ የወጡ ዕለት የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረክበው ደጅ ሲወጡ ቀና ብለው፣ “በቃ፣ እኔና አንቺ ተለያየን” አሏት።

አልተለያዩም። ከድሮ ተሳፋሪዎቻቸው አንዱ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር በትምህርት ቤቱ ግቢ ትንንሽ ቴሌስኮፕ እየተከሉ ፀሐይን ይመለከታሉ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ተገናኙና፣ “ይምጡ እንጂ፣ ኮከብ ለማየት ማምሸት አለ፣ ብርድ አለ። ፀሐይ ግን በሰው ሰዓት ነው የምትመጣው” አሏቸው። ጋሼ ፍሬን ከራት በኋላ ዓይናቸው የማይገለጥ ሰው ናቸውና ነገሩ ጣማቸው።

በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ብር የመሰለ ስስ ማጣሪያ ተወጥሮበታል። “ይህ ሳይኖር ዓይንዎን እንዳያስጠጉ። አንዴ ካስጠጉ ያቺ ዓይን ሁለተኛ አታይም” አሉ መምህሩ። ጋሼ ፍሬን ጎንበስ አሉ። ነጭ ክብ ነገር፣ እንደ ሳህን ጸጥ ያለች። መሃሏ አካባቢ ጥቂት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉባት።

“ይቺ ናት ያን ሁሉ ዘመን ስታስለቅሰኝ የኖረችው? ፊቷ ጠቃጠቆ አለበት እኮ!”

ሁሉም ሳቁ። አንዷ ጠቃጠቆ ብቻዋን ምድራችንን የምታህል እንደሆነች፣ ፀሐይ ስትዞር አብራ እንደምትዞር፣ ከርማ እንደምትጠፋ መምህሩ አስረዷቸው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጋሼ ፍሬን አልቀሩም። መምህሩ ተለቅ ያለ ቴሌስኮፕ ሲያገኙም አሮጌዋን ትንሿን ከነማጣሪያዋ ለሳቸው ሰጧቸው።

የሚኖሩት ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከነሱ በላይ ልብስ የሚሰጣበት ጠፍጣፋ ጣሪያ አለ። ጋሼ ፍሬን ጠዋት ጠዋት ያቺን የቴሌስኮፕ ቱቦ ታቅፈው ይወጣሉ። እትዬ መርፌ አንድም ቀን ተከትለዋቸው አያውቁም። “እኔ በነፃ የማያት፣ ያውም ሳልፈልጋት ነው” ይሉና ወደ ስፌት መኪናቸው ይዞራሉ።

በኋላ እትዬ መርፌን ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው ከዳቸው፤ ንግግራቸው እየተንሸራተተ ይወጣ ጀመር። ከሆስፒታል በወንበር ተሸክመው ሦስት ፎቅ ያወጧቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልወረዱም።

እንግዲህ የጋሼ ፍሬን ሁለተኛ ሥራ ተጀመረ። ይህኛው ጡረታ የለውም። ጠዋት ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ጀርባና ዳሌያቸውን ቅባት ማሸት፣ አንሶላ መቀየር፣ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሱ ከአገጭ መጥረግ። ፖፖ ማቅረብ፣ ፖፖ መድፋት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ማገላበጥ። እትዬ መርፌ ዝም ብለው የሚታጠቡ ሴት አይደሉም።

“ቀስ በል! የአውቶቡስ ጎማ መሰልኩህ እንዴ?”

“ቀስ ብያለሁ እኮ።”

“ውሃው ቀዝቅዟል።”

“ቅድም ተቃጠልኩ አላልሽም?”

“ቅድም ቅድም ነው!”

ሴት ልጃቸው በሌላ ከተማ ትሠራለች፤ በየወሩ እየመጣች ለሁለት ቀን ታሳርፋቸዋለች። ረዳት እንቅጠር ስትል ሁለቱም አይሰሟትም። እትዬ መርፌ፣ “የማላውቃት ሴት ገላዬን ልትነካ?” ይላሉ። ጋሼ ፍሬን፣ “እኔ ምን ሆኜ?” ይላሉ፤ ግን ሆነዋል። ወገባቸው ተቆርጧል። ቆመው ሻይ ሲያፈሉ እንቅልፍ ይሸልባቸዋል።

የቀረቻቸው ማምለጫ ጣሪያዋ ነበረች። የታጠበ አንሶላ ሊያሰጡ ሲወጡ ቱቦዋን ይዘው፣ ከገመዱ ጥግ ተክለው ትንሽ አየት አድርገው ይወርዳሉ። አንድ ጠዋት ግን ፀሐይዋ ላይ አይተው የማያውቁት ትልቅ የጠቃጠቆ መንጋ ነበር። ዙሪያው ግራጫ፣ ውስጡ ጥቁር፣ ጫፉ የተቀደደ ጨርቅ የመሰለ። ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። ሲወርዱ ገና በሩ ላይ ሽታው ተቀበላቸው። እትዬ መርፌ ተጣርተው፣ ተጣርተው፣ የሚሰማቸው ሲያጡ አንሶላው ላይ ሆኖባቸዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሳሉ።

“ከኔ እሷ ተሻለችህ አይደል?” አሉ ሳይዞሩ።

ጋሼ ፍሬን አጠቧቸው፣ አንሶላ ቀየሩ፣ ቱቦዋንም በካርቶን ከተው ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀሏት። ከዚያ ወዲያ አንሶላ ሊያሰጡ ሲወጡ እንኳ ቀና አይሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ መቅረታቸው የበዛባቸው መምህሩ ስልክ ደወሉ፤ ጋሼ ፍሬን “ጊዜ የለኝም” ብለው ዘጉ።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ተመሳሳይ ነበሩ። ሁለቱ ከማንኪያና ከፖፖ ሌላ የሚያወሩት ጠፋ። ልጃቸው መጥታ ሳለ ኩሽና ውስጥ አባቷን አየት አድርጋ፣ “አባዬ፣ ከስተሃል እኮ። በአንድ አልጋ ሁለት ታማሚ ልትሆኑብኝ ነው?” አለች። እሳቸውም፣ “የሽማግሌ ነገር ነው፣ ተይው” ብለው ማሰሮውን መፈተጋቸውን ቀጠሉ።

ነገሩን ያነሱት እትዬ መርፌ ናቸው። አንድ ረፋድ ላይ ጋሼ ፍሬን ትራስ ሲያስተካክሉላቸው፣ “ያ ቱቦህ የት ገባ?” አሏቸው።

“ተውኩት።”

“ማን ተው አለህ?”

“አንቺ ነሻ።”

“እኔ ትተኸኝ አትሂድ ነው ያልኩህ። ቱቦውን ምን አልኩት?”

ጋሼ ፍሬን ትራሱን እንደያዙ ቆሙ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ረፋድ ላይ ፀሐይ ይገባዋል፤ ይህን የሚያውቁት መጋረጃ ስለሚዘጉ ብቻ ነበር። ማጣሪያውን አንስቶ ብርሃኑን በቱቦው አሳልፎ ነጭ ነገር ላይ መጣል እንደሚቻል መምህሩ አሳይተዋቸዋል። እንዲያ ሲሆን ዓይን ቱቦው አጠገብ ድርሽ አይልም፤ ምስሉን ብቻ ነው የሚያዩት።

ካርቶኑን አወረዱ። ቱቦዋን መስኮቱ ላይ ተከሉ። በዓይን አያነጣጥሩም፤ የቱቦዋን ጥላ ግድግዳው ላይ እያዩ፣ ጥላው አጥሮ አጥሮ ክብ ብቻ እስኪሆን ያሽከረክሯታል። ምስሉ የሚያርፍበት ነጭ ነገር ሲያጡ እትዬ መርፌ በደህና እጃቸው ወደ ስፌት መኪናው ጠቆሙ። “ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነጭ የፖፕሊን ጨርቅ አለ። ጥልፍ የምጠልፍበት ክብ እንጨት ላይ ወጥረው። ደህና አርገህ ወጥር፣ እንዳይጨማደድ!”

ክቡን እንጨት አልጋው ግርጌ ወንበር ላይ አቆሙት፤ በቱቦዋ ዙሪያ የቀረውን የመስኮት ክፍተትም በድሮ የሥራ ኮታቸው ጋረዱ። ክፍሉ ጨለመ። ፖፕሊኑ ላይ ሳሎን የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት የምታህል ፀሐይ ወጣች፤ ጠርዟ በሙቀቱ ይርገበገባል።

እትዬ መርፌ ለረጅም ጊዜ አዩ።

“ይቺው ናት?”

“ይቺው ናት።”

“ለዚች ነው ቁርሴን ስታረፍድብኝ የነበረው?” ካሉ በኋላ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። “ጨርቁ ቆሽሿል።”

“የቱ ጋ?”

“እዚያ፣ ከመሃል ዝቅ ብሎ። እኔ ያንን ፖፕሊን አቆሽሼ አላስቀመጥኩም።”

ጋሼ ፍሬን ክቡን እንጨት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ገፉት። ጨርቁ ሄደ፤ ነጠብጣቡ ግን ከፀሐይዋ ጋር ቀረ።

“መስታወትህ ነዋ እንግዲያ!”

የኋላውን ሌንስ አሽከረከሩት። ነጠብጣቡ ንቅንቅ አላለም። “መስታወቱም አይደለም፤ እሷው ናት። ጠቃጠቆዋ ነው።”

እትዬ መርፌ፣ “እንግዲያው ሴትየዋ ፊቷን አልታጠበችም” አሉ። ያን ዕለት ጋሼ ፍሬን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቁ፤ ሲስቁም ወገባቸውን አመማቸው።

ፀሐይዋ ቀስ እያለች ከጨርቁ ትንሸራተት ነበር። ጋሼ ፍሬን በየደቂቃው ቱቦዋን ነካ እያደረጉ ይመልሷታል።

“ወዴት ነው የምትሄደው?” አሉ እትዬ መርፌ።

“እሷ አይደለችም፣ እኛ ነን። መሬት ስትዞር ይዛን ትሄዳለች።”

“እኔ እንኳን የትም አልሄድኩ” አሉ፣ በድን የሆነ ግራ እጃቸውን እያዩ።

ልማድ ሆነ። ሰማዩ ጥርት ባለ ረፋድ ሁሉ ይታጠባሉ፣ ይገላበጣሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ፖፕሊኑ ላይ ትወጣለች። እትዬ መርፌ ዕድሜያቸውን የክር ጫፍ ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸውና ለውጥ አያመልጣቸውም። “ትናንት አንድ ነበር፣ ዛሬ ለሁለት ተተርትሯል” ይላሉ። “አልተተረተረም፣ ጭጋግ ነው” ይላሉ ጋሼ ፍሬን። ይጨቃጨቃሉ። ጠቃጠቆዎቹ ከቀን ወደ ቀን ወደ ጠርዝ እየተጠጉ፣ እየቀጠኑ ይጠፋሉ። የእትዬ መርፌ እግር ግን አልተሻለም፣ እጃቸውም አልተነሳም። ማታ ማታ መጣራቱ እንደ ቀድሞው ነው። የጋሼ ፍሬን ጉልበትም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል።

አንድ ቀን እንደ ወትሮው ፀሐይዋን አወጡና ከቱቦዋ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንዴ ነካ አደረጓት፣ ሁለተኛም ነካ አደረጓት። ከዚያ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጣላቸው።

ሲነቁ ክፍሉ ጨለማ ነው። ፖፕሊኑ ባዶ ነው። ኮታቸውን ከመስኮቱ ሲገልጡ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች፤ የማገላበጫው ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። እትዬ መርፌ እንዳስተኟቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ብርድ ልብሱን ሲገልጡት ዳሌያቸው ላይ ቆዳው ቀልቶ፣ ሊላጥ ትንሽ ቀርቶታል።

“ለምን አልጠራሽኝም?” ብለው ጮሁ። ሚስታቸው ላይ እንዲህ ጮኸው አያውቁም። “ጎንሽ ሊቆስል! ለትንሹም ለትልቁም የምትጣሪ ሴትዮ ዛሬ አፍሽን ምን ያዘው?”

“ተኝተህ ነበራ።”

“ታዲያ ብተኛስ?”

“እያንኮራፋህ ነበር። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ስታንኮራፋ ሰምቼህ አላውቅም። እሷ ከጨርቁ ላይ ወጥታ ሄደች፤ ልጠራህ አልኩና፣ ትሂድ፣ ይተኛ አልኩ።”

ጋሼ ፍሬን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቅባቱን አንስተው የቀላውን ቦታ ማሸት ጀመሩ። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ለልጃቸውም፣ ለመምህሩም፣ ለራሳቸውም ያላሉትን ቃል ያኔ አወጡት።

“ደክሞኛል።”

“አውቃለሁ” አሉ እትዬ መርፌ። “እኔም ደክሞኛል። አንተን መጥራት ራሱ ደክሞኛል።”

ከታች መንገድ ላይ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። በመጨረሻ እትዬ መርፌ፣ “ለልጅህ ደውል። ሰው ትፈልግ” አሉ።

“የማላውቃት ሴት አትነካኝም አላልሽም?”

“እተዋወቃታለሁ። ደግሞ እጇ ካልጣመኝ አፍ አለኝ።”

ልጃቸው ያገኘችው ረዳት ክንደ ጠንካራ፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። እየመጣች ከጠዋት እስከ ምሳ ትቆያለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጋሼ ፍሬን ቱቦዋን አልነኳትም፤ ሳሎን ሶፋ ላይ ተጋድመው እንደ ሞተ ሰው ተኙ። በድካማቸው ውስጥ ሌላ ድካም ተቀምጦ ኖሮ፣ በተኙ ቁጥር የባሰ እየደከሙ የሚነሱ መሰላቸው። የእትዬ መርፌ ዳሌ ላይ የቀላው ቦታ ሳይቆስል ዳነ። እትዬ መርፌ ረዳቷን ለአንድ ሳምንት በምላሳቸው ወጓት፤ እሷ መልስ ስለማትሰጥ ሰለቻቸውና ተዉ።

ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ደመናው ሲገለጥ ጋሼ ፍሬን ቱቦዋንና ኮታቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ረዳቷ ሥራዋን ጨርሳ በሩ ላይ ቆማ አየች። ፀሐይዋ ወጣች፤ ነጭ፣ ክብ፣ ያለ አንድ ነጠብጣብ። ጋሼ ፍሬን ሌንሱን ጠረጉ፣ ትኩረቱን አስተካከሉ፤ ምንም የለም።

“ባዶ ናት” አሉ።

“እስቲ ትንሽ ቆይ” አሉ እትዬ መርፌ። “እንዲሁ እንያት።”

እንዲሁ አዩዋት። ጋሼ ፍሬን እየነካኩ መሃል ላይ አቆሟት፤ በመስኮቱ ቋሚ እስክትጋረድ ድረስ አንድም ጠቃጠቆ አልወጣባትም። ከዚያ ረዳቷ እትዬ መርፌን ወደ ቀኝ ጎናቸው አዞረቻቸው፤ ጋሼ ፍሬንም ፖፕሊኑን ከክቡ እንጨት ፈተው፣ አጣጥፈው፣ ወደ ሶፋቸው ሄዱ።