በአሥራ ሁለት ሰዓት የተለካ አየር

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በባቡር የተነሣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፦ ፓሪስ ገብቼ የዶክተርነት ትምህርት ለመማር። ድሮ እዚያ ያስተማረኝ የሒሳብ መምህር እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «የፊዚክስ ሙከራ የሚሠራ ሞልቷል፤ የሚያሰላለት ነው የጠፋው። የአገርህን አየር ለክተህ፣ የስምጥ ሸለቆውን ዝቅታ አስልተህ ላክልኝ። ቦታው ያንተ ነው።»

የአየር ግፊት የሚለኩትን ሁለት ባሮሜትሮች ያዋሰኝ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። እሱም ወደ አገሩ ሊገባ ሻንጣውን አስሯል። እንደገና ልሞክር ብል መሣሪያ የለም።

አዳማ

አንዱ ባሮሜትር አዳማ ይቀራል፣ ሌላው ከእኔ ጋር ይጓዛል። የቦታው ዝቅታ የሚሰላው ከሁለቱ የግፊት ልዩነት ነውና፣ በአንድ ቅጽበት ካልተነበቡ ስሌቱ ዋጋ የለውም። የጣቢያው ጸሐፊ አቶ በላቸው፣ ሽበታም ጨዋ ሰው፣ ሊያነቡልኝ ፈቀዱ።

«በየቀኑ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይሁንልኝ» አልኳቸው። ጎህ ሲቀድ አየሩ ይረጋል።

«ዝንፍ አልልም፣ ጌታዬ።»

መቂ

አዳማ ላይ በቅሎ ያከራየኝና መንገድ የሚመራኝ ኦቦ ቱፋ የመቂ ገበሬ ነው። የጠየቀኝ ኪራይ አዲስ አበባ ቤት ያስይዛል፤ ምርጫ አልነበረኝምና ከፈልኩ። አዋሽን ተሻግረን ቀኑን ሙሉ በግራር መሐል አቧራ ስንቅም ዋልን። ማታ ቤቱ ቂጣ በእርጎ አቀረበልኝ።

«አየር ትመዝናለህ አሉ። ስንት ፈረሱላ ወጣው?»

«ገና ነው፣ ኦቦ ቱፋ።»

«እንግዲያ በበቅሎዬ ላይ እንዳትጭነው!»

በዚያ መንገድ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዝዋይና ነገሌ

ዝዋይ ሐይቅ ዳር ንዳድ ያዘኝ። ጎህ ሲቀድ እየተንቀጠቀጥኩ ባሮሜትሩን አነበብኩ፤ ኦቦ ቱፋ ከኋላ ደግፎኝ ነበር። ነገሌ ስንደርስ ዝናብ የእህል ገበያውን በትኖታል። የተሸበሩ በሬዎች፣ የረጠበ ገብስ፣ ጭቃ። እኔ ግን በየማለዳው አንብቤአለሁ። አዳማ ላይ አቶ በላቸውም እንደኔ ተነሥተው ያነባሉ ብዬ እጽናና ነበር።

ተመልሶ አዳማ

አቶ በላቸው ፊታቸው በርቶ ተቀበሉኝ።

«አንድም ቀን አላጓደልኩም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ማለዳ መነሣቱ አላስቸገረዎትም?»

«የምን ማለዳ? ምሳዬን ትቼ ነው እንጂ! ፀሐዩ አናት ይበሳል።»

የሚሉትን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ጣቢያው የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እኔ አሥራ ሁለት ስል ጎህን ማለቴ ነበር፤ እሳቸው ቀትርን ሰሙ።

«በኛ ሰዓት ማለቴ ነበር» አልኩ።

«በኛ ሰዓት ባቡር ይመጣል እንዴ፣ ጌታዬ?» አሉና ወዲያው ገባቸው። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም፣ «ጎህ ነበር ብለው ይላኩት። ፓሪስ ማን ያያል?» አሉኝ።

የሚያይ አልነበረም። ቁጥሮቹን አለሳልሼ ስሌቱን ማስማማት እችል ነበር፤ መምህሬ የሚፈልገው ግን በቁጥሩ የሚታመን ሰው ነው። ልፋቴን ውሃ በላው። ፊቴን ወደ ሐዲዱ አዙሬ አለቀስኩ።

አዲስ አበባ

መሐንዲሱ መሣሪያዎቹን ተረክቦ በማግስቱ ሄደ። እኔም የሆነውን እንደሆነ ለመምህሬ ጻፍኩ። ስለ ሐቀኝነቴ አመስግኖ ቦታውን ለሌላ ሰጠ።

ከእንግዲህ ሰዓት ስናገር የማን ሰዓት እንደሆነ እጨምራለሁ። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው። ዶክተርነቱን ሌላ ሰው ይማረዋል።