ቀማሹ ዝም ያለ ዕለት

በሻይ ማሸጊያው ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ሰው የገዛ ስሙ መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «ጋሼ ቀማሽ» ነው የሚሉት። ሥራው ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ጠዋት ነጭ ሽርጡን ያስርና ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩት ስኒዎች በማንኪያ እየጨለፈ ይምጋል። ሲምግ ድምፁ ጎረቤት ቢሮ ድረስ ይሰማል፤ ሻዩ ከአየር ጋር ካልገባ ሽታው ወደ አፍንጫ አይወጣምና። ከዚያ አፉ ውስጥ ያንከባልለውና እግሩ ሥር ካለው ባልዲ ይተፋዋል። በቀን መቶ ስኒ የሚውጥ ሰው ሌሊቱን እንቅልፍ የለውም።

ይሄ ልማድ ጉድ አድርጎታል። የሚስቱን ወላጆች መጀመሪያ ሊተዋወቅ የሄደ ቀን፣ የቀረበለትን ሻይ ሳያስበው ሽርር አድርጎ ማገና መስኮቱ ሥር ከነበረው የአበባ ማሰሮ ላይ ተፋው። «ውሃው ሁለቴ ፈልቷል» አለ። የልጅቷ አባት አኩርፈው ከረሙ፤ ልጅቷ ግን ሳቋ አምልጧት ስለነበር አገባችው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ነው። እሱ ደግሞ ባቀረበችለት ስኒ ሁሉ ፍርድ ይሰጥ ነበር። «ቅርንፉዱ በዝቷል።» «ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ቆይቶ መሯል።» ክፋት አልነበረበትም፤ ለእሱ እንደ ሰላምታ ነበር። ልከራከርለት ግን አልፈልግም፤ አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ነው» አላላትም። በተጋቡ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት «ለአንተ ሻይ ማፍላት ፈተና መቀመጥ ነው፣ በቃኝ» አለችና ከዚያ ወዲህ ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ታቀርብለት ጀመር። አገር ሙሉ የሚጠጣውን ሻይ የሚመርጥ ሰው ቤቱ ሙቅ ውሃ ሲጠጣ አሥራ አራት ዓመት አለፈው።

ታዲያ ዘንድሮ ጉንፋን ያዘው። ተሽሎት ሥራ ገብቶ ቢምግ፣ ምንም። ጭስ የጠገበውን ሻይ፣ ከበሩ ሆኖ የሚለየውን፣ አፍንጫው ሥር አስጠጋው። ምንም። ዓርብ ዕለት የአዲሱ ቅልቅል ሻይ ለገበያ መልቀቂያ ወረቀት ላይ መፈረም አለበት። ጡረታው አሥራ አራት ወር ቀርቶታል። ምላሱን ያጣ ቀማሽ ምን ይባላል? ፈራ። ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ናሙናዎቹን በኪሱ ሞልቶ ቤቱ ገባ።

ስኒ ሲደረድር ሚስቱ መኪናዋን አቆመች።

«ደግሞ ምን መጣ?»

«ምላሴ ጠፋ» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጉንፋኑ። ነገ መፈረም አለብኝ። ቅመሺልኝ።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለች። ግን ወንበሯን ሳበች።

የመትፊያ ባልዲ ሲያቀርብላት በእግሯ ገፋችው። «እኔ አፌ የገባ አልተፋም።» ከደጋው እርሻ የመጣውን ጥቁር ሻይ ቀመሰችና «ይሄ ወፍራም ጨርቅ ነው፣ ካፖርት ይወጣዋል» አለች። አረንጓዴውን «ስስ ነው፣ የበጋ ሸሚዝ፤ እንደታጨደ ሣር ይሸታል» አለችው። ጭስ የጠገበውን አጣጥማ ሳቀች። «ምድጃ አጠገብ ተሰቅሎ የተረሳ ሹራብ። ግን ወደድኩት፣ ጨምርልኝ።»

በመጨረሻ ቅልቅሉን ሰጣት። ቀስ ብላ ዋጠችው።

«ሲጀምር ጥሩ ነው። ጫፉ ግን አልተቀመቀመም። ክሩ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።»

ብድግ አለ። «ጣዕሙ እንደተዋጠ ይጠፋል ማለትሽ ነው! የቆላው ቅጠል በዝቶበታል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልተቀመቀመም።»

ከቆላው ቀነሰ፣ ከደጋው ጨመረ፣ እንደገና አፈላ። በአምስተኛው ሙከራ «አሁን ተቀመቀመ» አለች። እንዲህ ያለ ምላስ ከጎኑ ተቀምጦ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ምን እንደሚጣፍጣት አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። አፈረ።

በማግስቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ መፈረም ይችል ነበር። ብዕሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። የተስተካከለውን ቅልቅል አፍልቶ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይዞ ገባና ሁሉንም ነገረው።

«ታዲያ ይሄን ማን ቀመሰው ጋሼ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ስኒውን እንደያዘ።

«ባለቤቴ።»

ሰውየው ደግሞ ፉት አለና አሰበ። «ሻዩስ ደህና ነው፣ በሌሎቹ ቀማሾችም አስቀምሼ እለቀዋለሁ። እርስዎ አንድ ወር ይረፉ። ካልተመለሰልዎት ያኔ እንነጋገራለን።»

«ያኔ እንነጋገራለን» የምትለዋ ቃል ቤቱ ድረስ ተከተለችው።

በነጋታው ጠዋት ፔርሙሱ አልቀረበም። ሚስቱ በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያውን ሻይ አፍልታ መኪናዋ ላይ ሁለት ስኒ አስቀመጠች። «ፈታኙ ስለታመመ ነው» አለች። እሱ ሙቀቱን ብቻ ይጠጣል፤ እሷ ደግሞ የዛሬው ምን ምን እንደሚል ትነግረዋለች። ዛሬ ከፋይ ነው፣ ዛሬ ሽሮ የፈሰሰበት ከረባት ነው፣ እያለች። ቀኑን ይቆጥር ነበር። አሥር ሆነ፣ ሃያ ሆነ፣ ምላሱ አልመጣም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ስኒውን ሲያነሳ ቅርንፉዱ አፍንጫውን መታው። ፉት አለ። ቅርንፉዱ በዝቷል። ውሃው ሁለቴ ፈልቷል። ቅጠሉ ቆይቶ መሯል። የጥንቶቹ ጥፋቶች አንድም ሳይቀሩ ተራቸውን ጠብቀው መጡ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ፍርዱም እንደ ልማዱ ጥርሱ ድረስ ደረሰ።

የመኪናው ድምፅ ቆመ። ሚስቱ ፊቱን እያየች ነበር።

«ተመለሰልህ?»

«ተመለሰ።»

እግሯን ከፔዳሉ ላይ አወረደች። «እና?»

ሳይምግ፣ ሳያንከባልል፣ እስከ አተላው ጠጣው። ስኒውን ዘረጋላት።

«ድገሚኝ» አላት።