ለእናቴ ካሜራ የከፈትኩት መንገድ

ዛሬ ሳጉሬ ገበያ ቆሜ በስልኬ አሰላ ያለውን የቤታችንን ካሜራ ስከፍት፣ እናቴ ከካሜራው ጋር ታወራለች። እኔ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም!

«እማማ፣ የልጅዎ ጓደኛ ነኝ። አለ?» ይላል ከካሜራው ስፒከር የሚወጣ የማላውቀው ድምፅ።

«የለም ልጄ፣ ሳጉሬ ነው። ብቻዬን ነኝ። በሩ ክፍት ነው፣ ና እንጂ!»

ካሜራው ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።

ደወልኩላት፣ አታነሳም። እንግዳ እያናገሩ ስልክ ማንሳት ለሷ ነውር ነው! ወደ አሰላ የሚመልሰኝ ሚኒባስ እስኪሞላ ነፍሴ ወጣች።

ባለፈው ሳምንት ከሩቅ ልያት ብዬ ራውተሩ ላይ ፖርት ፎርዋርዲንግ ሠራሁ፤ ከውጭ ቀጥታ ካሜራው ጋ የሚያስገባ መንገድ ማለት ነው። የካሜራውን የፋብሪካ ፓስወርድ ግን አልቀየርኩም። እነዚያ ቪዲዮ ላይ «ሁለት ደቂቃ ብቻ!» የሚሉ አስተማሪዎች ፓስወርዱን ቀይሩ ለማለት ምን አንቋቸው ነው?

ደርሼ ራውተሩን ከሶኬት ነቀልኩት። እናቴ ተቆጣች።

«ያንን ጨዋ ልጅ አቋረጥክብኝ! ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ብዬ ቤቱን ነግሬዋለሁ። ነገ ይመጣል።»

አሁን አረንጓዴውን በር ቆልፌ ከኋላው ተቀምጫለሁ። ካሜራው እንዲህ የተናገረበት ሰው ካለ፣ አቦ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ።