ጥዱ ሥር የበቀለው ሳማ

ከቤቴ አጠገብ አንድ አናጢ ሱቅ ከፍቷል። የፈረንጅ ጥድ ጣውላ መላግ በጀመረ ቁጥር መስኮቴን እዘጋለሁ። ሰው ሁሉ «እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው!» ይላል። እኔ ግን ሊያስመልሰኝ ሲል እንደሚሆነው አፌን ውኃ ይሞላዋል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ኮረዳ ነበርኩ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ካለ ዳገት ላይ መንግሥት ያስተከለው የጥድ ደን ነበር፤ እኔና አክስቴ እዚያ በእርዳታ ስንዴ እየተከፈለን እንሠራ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ነች። ጥርስ እንኳ ያላበቀለች ልጅ ነበረቻት፤ አዝላት ትውላለች።

ደኑ ተጠጋግቶ ስለተተከለ ውስጡ በቀትርም ጨለማ ነበር። ከደረቀ የጥድ ቅጠል በቀር አንዲት ሣር አይታይበትም፤ ወፍ እንኳ አይጮህበትም። የደን ባለሙያው፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት፣ መሀል መሀሉን እያስቆረጠ አሳሳው። እኛ ሴቶቹ ግንዱን ጎትተን አወጣን። ሙጫው እጃችን ላይ፣ ፀጉራችን ላይ፣ የልጅቱ አንቀልባ ላይ ሳይቀር ተጣበቀ።

«ቆዩ ብቻ» አለን ባለሙያው። «ፀሐይ ከገባበት መሬቱ ዝም አይልም።»

እውነቱን ነበር። ትንሽ ካፊያ እንደጣለ ሰርዶው ወጣ፣ ማገጡ ወጣ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳማው ጉድ አለ። እርሻው ሁሉ አመድ መስሎ ያ ደን ውስጥ ብቻ አረንጓዴ ሆነ። ስንዴው መጣ ሲባል ይቀር ስለነበር ሳማው ቀለባችን ሆነ። አክስቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ትቀነጥበዋለች፤ ቀቅላ፣ በጣቷ አድቅቃ ልጅቱን ታጎርሳታለች። ዓይኗ ጎድጉዶ የነበረችው ልጅ ውላ አድራ ሰው ስታይ መሳቅ ጀመረች። ያን አረንጓዴ ድዷን ገልጣ ስትስቅ ዛሬም ትታየኛለች።

ከዚያ የወረዳው ካድሬ መጣ። ከበላይ አካል እንግዶች ደኑን ሊጎበኙ ነውና ውስጡ ይጽዳ አለ። ሳማውን በቦት ጫማው እያሸ፣ «ይኼ ምን ቆሻሻ ነው?» ሲል ከአፉ የአረቄና የጥብስ ሽታ ወጣ። የተራበ ሰው ጥብስ ሲሸተው ይጎመጃል ትሉ ይሆናል። እኔን አጥወለወለኝ።

አክስቴ ፈራ ተባ እያለች ተጠጋችው። «ጌታው፣ ይኼ እኮ የምንበላው ነው። ዳር ዳሩን እንኳ ይተዉልን።»

«ሳማ የሚበላ ሕዝብ አላቸው ይበሉን ነው የምትዪው?»

ወደ ባለሙያው ዞረች። «ልጄ፣ ንገራቸው እንጂ! ይበቅላል ያልከን አንተ አይደለህ?»

ባለሙያው ኮፍያውን አውልቆ የኮፍያውን ውስጥ ውስጡን አየ። «የታዘዝነውን እንሥራ፣ እናቴ» አለ። ካድሬውን ጠላሁት፤ እሱን ግን ተጸየፍኩት።

ነቀልነው፤ ከነሥሩ። ከምረን እሳት ስንለቅበት እርጥብ ነበረና አልነድ አለ፤ ከጥድ ሙጫ ጋር እየተንጨረጨረ ጉሮሮ የሚይዝ ቢጫ ጭስ ተፋ። ሆዳችን ባዶ ነበር፤ ቢሆንም አንዳንዶቻችንን አስመለሰን። እንግዶቹ በማግሥቱ መጡ። ከመኪናቸው እንኳ አልወረዱም። አንደኛው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እንዴት ያለ ንጹሕ ደን ነው!» አለ። ካድሬው አጨበጨበ፤ እኛም አጨብጭቡ ተባልን።

ሥሩ የተነቀለ ሳማ ቶሎ አይመለስም። አክስቴ ዳገቱን ስትዞር ውላ ባዶ እጇን ትገባ ጀመር። ልጅቱ መጀመሪያ መሳቁን ተወች፤ ቀጥሎ ማልቀሱንም ተወች። አንድ ጠዋት አክስቴ አንቀልባዋን ሳትፈታ ደኑ ዳር ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሴቶቹ ከበው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሏታል። እሷ ወደ ኋላዋ እጇን ሰድዳ የልጅቱን እግር እንደያዘች ነበር።

ስንዴው ከቀብሩ በኋላ መጣ። አክስቴ ከድርሻችን ጥቂት ቆልታ በሙሉ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«እታለም፣ አንቺስ?» አልኳት።

«አንቺ ብዪ» አለችኝ። «ስትቆረጥሚ ልስማሽ።»

ቆረጠምኩ። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠኝ ነበር።