ብርቄ ያቆመችበት ዙር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር ማራኪ

ከተከራየሁባት ክፍል ስወጣ ገና አልነጋም። የግቢው በር ሲከፈት ስለሚጮህ አከራዬን እንዳልቀሰቅስ ትንሽ ብቻ ገፋ አድርጌ በጎን ሾለክሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ትከሻዬ ላይ የጨርቅ ቦርሳ አንግቻለሁ። በነጠላ የጠቀለልኩትን የመሶብ ክዳን ግን ቦርሳው ውስጥ እንዳይጣመም ብዬ በደረቴ አቅፌዋለሁ።

ክዳኑን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በምንሰፋበት ሥራ ቤታችን የኢንተርኔት ገጽ ላይ ፎቶው ወጥቶ «ሸጋ ነው»፣ «እጅሽ ይባረክ» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ከፎቶው ሥር የነበረው ስም የኔ ብቻ ነው። ዛሬ የምሄደው ክዳኑን ለባለቤቷ ልመልስ ነው፤ የአክስቴ የእትዬ ትጓደድ ነው። ደስ ብሎኝ አልሄድም።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መነኻሪያ

ባጃጁ ጥሎኝ ሲሄድ ሰማዩ መቅላት ጀምሯል። የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ትኩስ ፓስቲ፣ የናፍጣ ሽታ፣ በጋቢ የተጠቀለሉ ሰዎች። አንድ ረዳት «ዳባት ደባርቅ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ገብቼ ስቆጥር የቀረው ሰባት ነው።

አጠገቤ አንዲት ወፍራም ሴትዮ የስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልላ ይዛ ተቀመጠች።

«እናት፣ ፍራሹ የሰው ሂሳብ ይከፍላል» አላት ረዳቱ።

«ቁጭ ቢል እከፍል ነበር። ይኸው ተጠቅልሎ ቆሟል፣ ምን አስቸገረህ?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «መንገዱስ ሰላም ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እስካሁን ሰላም ነው አያ። ከዚህ በኋላ ያለውን እሱ ያውቃል» አለ ሹፌሩ፣ በአገጩ ወደ ላይ እያሳየ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ነው የከረመ። እኔም ለሦስት ሳምንት ያልሄድኩበት ምክንያት ይኸ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ነበር። ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ።

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሴትዮዋ ወደ እቅፌ አየች።

«ምንድን ነው እንዲህ እንደ ሕፃን ያቀፍሽው?»

«የመሶብ ክዳን ነው።»

«የማን?»

«ያክስቴ ልጅ።»

«ልታገባ ነው?»

የእትዬ ልጅ ብርቄ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ይህን ለማታውቀኝ ሴት፣ በሰው መሐል፣ እንዴት አድርጌ እንደምናገር ጠፋኝ። አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። «እሰይ! ወልዳ ከብዳ ያሳየን» አለችና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኮሶዬ

ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። ገደሉ ከሥራችን ተከፍቶ፣ ጉም ከታች እንደ ወተት ተኝቶ ይታያል። ሰዎቹ ፎቶ ሲነሱ እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። እስኪመለሱ ነገሩን ልንገራችሁ።

የኛ ሥራ ቤት ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለ የኪራይ ግቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ክፍል ውስጥ ሸክላ፣ አንዱ ውስጥ ሥዕል ይሠራል። ስፌተኞቹ ዛፉ ጥላ ሥር ነን። የስፌቱን ሣር፣ አክርማውን፣ በሳፋ ውኃ እንነክራለን፣ የስንደዶውን እስር በሱ እየጠቀለልን፣ ቀዳዳውን በወስፌ እየበሳን፣ ከእምብርቱ ጀምሮ ዙር በዙር እናወጣዋለን። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይመጡና እንሞክር ብለው ጣታቸውን ወግተው ይስቃሉ። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እዚያ ግቢ ግን ማንም ስንተኛ ክፍል ነሽ ብሎኝ አያውቅም፤ እጄን ብቻ ነው የሚያዩት።

ክረምት ላይ አሠልጣኛችን ሰብለ «እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አሮጌ ሥራ አምጡ፤ የድሮ ሰው እንዴት እንደሚሠራ እንይ» አለችን። እኔ እትዬ ትጓደድ ዘንድ ሄጄ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ክዳን ለመንኳት። ብርቄ ስትታመም እየሰፋችው የነበረ ነው። አልጨረሰችውም። ወስፌው ያቆመችበት ቦታ ላይ እንደተሰካ ነበር። እትዬ ከሚስማሩ አወረደችው።

«አሳይተሽ መልሽ። ወስፌውን ግን እንዳትነቅይ።»

«እሽ እትዬ» አልኳት።

ሰብለ ክዳኑን ስታይ ዓይኗ በራ። «ይኸማ ሥራችንን ለሰው ለምናሳይበት ቀን ይሆናል። ተጀምሮ የቀረ ነገር ግን አናቀርብም፤ ጨርሽው» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። የሟች ነው፣ አይነካም፣ ማለት ነበረብኝ። ብነግራት ትተወው ነበር፣ ክፉ ሰው አይደለችም። እኔ «እሽ» አልኩ። በአንድ ክረምት ለሁለት ሰው እሽ አልኩ።

ሌላም ነገር አለ። ስሠራው ደስ ብሎኛል። ስድስት ዙር ቀይና አረንጓዴ ጨመርኩበት። በሦስተኛው ቅዳሜ ሴቶቹ ከበው ሲያዩኝ፣ አንዷ «ዝምተኛዋ ባለሙያ ናት ለካ» ስትል፣ ልቤ ሞቀ። ስለ ብርቄ ያን ቀን አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ

አምባ ጊዮርጊስ ገበያዋ ነው። አህያ፣ የድንች ጆንያ፣ የገብስ ነዶ የጫነ ጋሪ፣ ባለ ፍራሿ ሴትዮ። እሷ እዚህ ወረደች። በመስኮቱ በኩል «ለሙሽራዋ ሰላም በይልኝ!» ብላ ጮኸች።

የእትዬ መንደር ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፎች የተደረደሩበት መገንጠያ ላይ ነው። «ወራጅ አለ» ማለት ይበቃል። ባሕር ዛፎቹ መጡ። አፌን ከፈትኩ። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል፣ ሰዉ ያወራል፤ አፌን መልሼ ገጠምኩ። ባሕር ዛፎቹ አለፉ። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ከሱ ጋር ወረድኩና ያለፍኩትን መንገድ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ተመለስኩ። ግራ ቀኙ የሚታጨድ ገብስ ነው። አንዱ አጫጅ ቀና ብሎ «ምነው፣ መኪናው ጣለሽ?» አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ እትዬ ቤት

እትዬ ደጅ ላይ የዘር ድንች ከሚበላው ትለያለች። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። «ምነው ከሳሽ። ማራኪ ሰፈር ምግብ የለም?» አለች። ባሏ አያ ደሴ ከጓሮ «የከተማ ሰው መጣ! ጫማዋን አውልቁላት!» እያለ መጣ። ነጠላውን ቀድሞ የፈታው እሱ ነው።

«አይ ሸጋ! ማን ጨረሰ—» አለና ወደ ሚስቱ አየ።

እትዬ አልጮኸችም። «ወስፌውስ?» አለች።

በወረቀት ጠቅልዬ ከያዝኩበት አወጣሁት።

«ነቅለሽዋል።»

«አዎ እትዬ።»

ክዳኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አውራ ጣቷን ከጠርዙ ወደ ውስጥ፣ ዙር በዙር፣ ቀስ እያለች ወሰደች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ከዚህ ወደ ውስጥ የልጄ ነው። አንች ታጠብቂያለሽ። ብርቄ ታላላው ነበር፤ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ መሰለሽ።» ዓይኗን ሳትገልጥ «ፍችው» አለችኝ።

«ምነው፣ ይተው እንጅ፣ ልጅቱ ደክማበታለች» አለ አያ ደሴ።

«እስኪ ተወኝ አንተ።»

በሩ ላይ ብርሃኑ ዘንድ ተቀምጬ ፈታሁ። ሦስት ቅዳሜ የፈጀብኝ ስድስት ዙር ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ቀዩና አረንጓዴው እግሬ ሥር ተከመረ። ዶሮዎቹ ምግብ መስሏቸው መጥተው ጫሩት። ፎቶው ላይ ያያችሁት ክዳን እንግዲህ የለም።

እትዬ ወስፌውን አነሳችና ልትሰካው ጠርዙን በጣቷ ፈለገች። ዞረች፣ ደግማ ዞረች።

«ወስፌው ሐምራዊው ላይ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ቀለም ገዝታ ራሷ የነከረችው። ሐምራዊው የት ሄደ?»

መንገዱን ሁሉ የፈራሁት ይህን ጥያቄ ነው። ሦስት ዓመት ጭስ ላይ ተንጠልጥሎ የሥራው ጫፍ ደርቆ ነበር። አዲሱን አክርማ አልይዝም ሲል ሰብለ «ጫፉ ሞቷል፤ ወደ ጤነኛው ተመለሽ» አለችኝ። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ፣ ሐምራዊዎቹን ሁለት ዙሮች ፈታኋቸው። እየተሰባበሩ ነበር የሚወጡት።

«ሁለት ዙር ከሷም ፈትቻለሁ፣ እትዬ።»

«የት አደረግሽው?»

«ግቢው ሲጠረግ አብሮ ተጠረገ።»

አያ ደሴ ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። እትዬ ወስፌውን የመጨረሻው ዙር ላይ ሰካችው፤ ቦታው እዚያ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ክዳኑን ሚስማሩ ላይ መለሰች። ከዚያ እንደገና ድንቹ ዘንድ ተቀመጠችና፣ እየለየች፣ ወደኔ ሳታይ ተናገረች።

«ብርቄ ሆዷን ሲያማት ክረምቱን ሙሉ ደህና ነኝ ትለኝ ነበር። እንዳላስቸግራችሁ ብላ። ሐኪም ቤት ስናደርሳት ‹ምነው እስካሁን› አሉን። የሷ ዝምታ ራሷን ወሰደብኝ። ያንች ዝምታ ደግሞ እጇን ወሰደብኝ።»

ምሳ ቅቅል ድንች በአዋዜ ነበር። ትልቁን መርጣ ለኔ ሰጠችኝ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ መገንጠያው

እዚያው አድሬ ከቅዳሴ መልስ ተነሳሁ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «ይቅር ለእግዜር» አለችኝ። ሌላ ጊዜ እስከ ባሕር ዛፎቹ ትሸኘኝ ነበር። ዛሬ ግን ከአጥሩ አላለፈችም።

ወደ ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ ቶሎ መጣ። ረዳቱ ሂሳብ ሲል ብር ልፈልግ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከታች፣ በቦርሳው ስፌት ጥግ፣ አንድ ነገር ጣቴን ወጋኝ። ሳወጣው የአክርማ ስባሪ ነው። ጭስ አጥቁሮታል፤ ወደ ብርሃኑ ሳደርገው ግን ሐምራዊ ነው። እኔ ሐምራዊ አልተጠቀምኩም። ከአንድ አውራ ጣት አይበልጥም፤ ያም ሆኖ ብርቄ እንዳጎበጠችው እንደጎበጠ ነው፣ ሦስት ዓመት ታስሮ፣ ተፈትቶም አልቀና።

አንዲት ስባሪ ሁለት ዙር እንደማትሆን አውቃለሁ። ሚኒባሱ ባሕር ዛፎቹን ጨርሶ ወደ ቁልቁለቱ ዞረ።

«ወራጅ አለ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ረዳቱ «አሁን አይደል እንዴ የተሳፈርሽው? ቀለድሽ?» አለ።

«ወራጅ አለ አልኩህ!»

ስባሪዋን በመዳፌ ጨብጬ በሩጫ ተመለስኩ። እትዬ አሁንም አጥሩ ዘንድ ቆማለች። ምነው ተመለስሽ ብላ ሳትጠይቀኝ ተናገርኩ። ክዳኑን በነጠላ ጠቅልዬ ስመጣ መኪና ውስጥ ሴትዮዋን እንደዋሸኋት፣ ሲያመሰግኑኝ ደስ እንዳለኝ፣ ሐምራዊው ሲሰባበር እያየሁ እንዳላቆምኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ መዳፌን ከፈትኩ።

እትዬ ስባሪዋን በሁለት ጣቷ አነሳቻት። ቤት ገብታ ክዳኑን አወረደችና ጠርዙ ላይ አስጠጋቻት። ጉብጠቷ ልክክ አለ። እትዬ በአንድ እጇ ስባሪዋን እንደያዘች፣ በሌላው ጣቷ ከዚያች ጫፍ ተነስታ ሐምራዊው የነበረበትን ዙር ተከትላ ሄደች፣ ባዶውን ጠርዝ ዞራ ዞራ፣ ስባሪዋ እስካለችበት ድረስ።