ሬሳ የሌለው ጥሪ

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ኮምቦልቻ ወስደው ያስገቡን ቤት ቀድሞ የጥሬ ቆዳ መጋዘን ነበር። ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ ጨውና ስቡ ግን ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ወለሉ ያልበዋል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ። ዘበኛው "ግቡ" ሲለን አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ነበር። የእኛ እጅ ታስሯልና ያ ዕድል አልነበረንም።

እኛ የምለው እኔንና የሰፈራችንን የቅሬ ዳኛ ነው። ለወሎ ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ አይነገርም። ለሌላው ለመንገር ያህል፣ ሰው ሲሞት የሚጠራራ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ። ጥሪ የሰማ አካፋውንና ዶማውን ይዞ ይወጣል። ማን እንደሞተ የሚያውቀው መንገድ ላይ ነው።

እኔ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። ኮምፒውተር የማውቀው ማመልከቻ በመተየብ ነው። ለቅሬ ጥሪ የሚሆን የስልክ አፕ ልሥራ ብዬ ስነሣ ኮድ የሚሉትን ነገር በዐይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ከቪዲዮ እያየሁ፣ የሰው ኮድ እየለጠፍኩ፣ ያልገባኝን እየዘለልኩ ብቻዬን ጨረስኩት። ጓደኞቼ "ስታርትአፑ መጣ" እያሉ ይተርቡኝ ነበር። ቢሆንም አንዱ ሰፈር ሌላውን እየሳበ ብዙ ቅሬ ተመዘገበበት። ኮርቼበታለሁ፣ አልዋሽም።

አንድ ጠዋት የጥሪውን መልእክት ልሞክር ፈለግሁ። የሰፈር ስም የሚመረጥበትን ቦታ ባዶ ተውኩና ላክሁ። ባዶ ማለት ለእኔ "ለማንም አይሂድ" ነበር፤ ለማሽኑ ግን "ለሁሉም" ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ቆይቶ እስከ ገራዶ መንገድ ድረስ አስፋልቱ አካፋና ዶማ በያዘ ሰው ተሞላ። ሬሳ የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያይቶ፣ ስቆ ገባ። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ሁለት ሰው አብሮ ሲቆም የሚደነግጡ የጸጥታ ሰዎች ነበሩ። ሳይመሽ መጥተው እኔን "የላከው" ብለው፣ ሽማግሌውን የቅሬ ዳኛ "ያዘዘው" ብለው በአንድ ፒክአፕ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ አወረዱን።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው በመኪና ቁልፍ ጆሮውን እየቆፈረ፣ ያወጣውን እያየ ነበር የሚጠይቀው።

"ማን ሠራልህ?"

"እኔው ነኝ።"

"ምን ተምረህ?"

"አልተማርኩም።"

ቁልፉን ሱሪው ላይ ጠረገው። "ያልተማረ ሰው ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጠዋት አያወጣም።"

"ስህተት ነው።"

"እንግዲያው ስህተቱን አሳየኝ።"

ስልኬን ሰጠኝ፤ ከፍቼ አሳየሁት። ቶሎ ገባው፤ ከሚገባውም በላይ ገባው። ፈገግ አለና ለስላሳ አስመጣልኝ። ጠርሙሱን የከፈተው በዚያው ቁልፍ ነው።

"አታስተካክለው፤ እንዳለ ይቆይ። እንዴት እንደሚላክ ለልጆቻችን ታሳያቸዋለህ። እኛም ሰው አደባባይ እንዲወጣልን የምንፈልግበት ቀን አለ። ከዚያ ሽማግሌህን ይዘህ ዛሬውኑ ደሴ ትገባለህ። እስከ ከሰዓት አስብበት።"

ለስላሳውን ሳልነካው ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ሽማግሌው ነጠላ ጫማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን ቤተሰብ ቢያመጣም በር ላይ ቀርቷል። ነገሩን ነገርኳቸው።

"ምን ብለው ነው የሚጠሩት?" አሉኝ።

"በቅሬ ጥሪ።"

"የማንን ሬሳ ሊያስቀብሩ?"

"ሬሳ የለም።"

"ልጄ፣ ያንተን ስህተት ሰው ማረልህ። ሁለተኛ ወጥቶ ሬሳ ያጣ ለት ግን፣ ወላሂ፣ ያንተም የኔም ቤት ሰው ሲሞት የሚወጣ አይገኝም።"

"እሺ ብል እኮ እርስዎም ዛሬ ይወጣሉ። መድኃኒትዎንም…"

"አብሽር። ብቻ ቀባሪ እንዳታሳጣኝ፤ ሌላው ቀላል ነው።"

ከሰዓት ሲጠሩኝ መርማሪው ሁለት ልጆች አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ስልኩን ተቀበልኩና የምሠራበትን ገጽ ከፈትኩ። አፑን፣ የሰዉን ስልክ ቁጥር፣ ያንን ሁሉ ድካሜን መረጥኩና "ሰርዝ" የሚለውን ነካሁ። ስልኩ "እርግጠኛ ነህ?" ሲል ጠየቀኝ። ከታሰርኩ ወዲህ በጨዋ ደንብ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር። አዎ አልኩት።

"አሳያቸው እንጂ" አለ መርማሪው።

"ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

በጥፊ ካለኝ በኋላ ባለሙያ አስመጣ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሽቶ የነከረ መሐረብ አፍንጫው ላይ የያዘ ሰው ነው። ስልኬን አገላብጦ አየና "ቅጂ ይኖረዋል። ያለ ቅጂ የሚሠራ ሰው የለም" አለ። እኔ ግን ቅጂ መቀመጥ እንዳለበት አላውቅም ነበር። ካየኋቸው ቪዲዮዎች አንዱም እዚያ አላደረሰኝም። እንጀራዬ ኮፒ ማድረግ ሆኖ ሳለ የራሴን ሥራ ኮፒ አላደረግኩም። ማን ይመነኝ? የሌለውን ቅጂ ውስጥ እግሬን እየገረፉ ሲፈልጉ አመሹ። ባለሙያው እስኪጨርሱ ድረስ በሩን ተደግፎ የራሱን ስልክ ይነካካ ነበር። ከገራፊው ይልቅ እሱን ተጸየፍኩት፤ ዛሬም እጸየፈዋለሁ።

ጎትተው ሲያስገቡኝ ሽማግሌው ምንም አልጠየቁኝም። ለሶላት ውዱእ ያስተረፉትን ውሃ እግሬ ላይ አፈሰሱልኝ። ከዚያ በኋላ አብረን ሰነበትን። ሲለቁን እሳቸው እግራቸው ቆስሎ ወጡ፤ ሐኪም ጣታቸውን ቆረጠው። ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም።

በቅርቡ ደሴ ውስጥ ስታርትአፕ ለሚጀምሩ ወጣቶች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። እንደገና ልሞክር ወይስ ልተወው ገና አልወሰንኩም። አሰልጣኙ ትሑት ልጅ ነው፤ የሚያስተምረውንም ያውቃል። "በተለይ ብቻችሁን የምትሠሩ፣ ከሁሉ በፊት ቅጂ አስቀምጡ" አለ። በአዳራሹ ያለው ሁሉ አቀርቅሮ ጻፈ። ምክሩ ትክክል ነው፣ አውቃለሁ፤ ያኔ ቅጂ ቢኖረኝ ግን መርማሪው እጅ ይገባ ነበር። እኔም እስክሪብቶ ይዤ ነበር፤ አልጻፍኩትም።