ለልጄ አራስነት ያሳደግኋት ቄብ

የምሠራው እዚህ እስራኤል፣ ከሀደራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሉል ነው። ሉል የምንለው የዶሮ ማርቢያውን ነው። እኔ እንቁላል እለቅማለሁ። ስቀጠር አለቃዬ አስፈርሞኛል፤ እዚህ የሚሠራ ሰው ቤቱ ዶሮ አያረባም፣ በሽታ በጫማ ይገባል፣ የመንግሥት ሕግ ነው ብሎ። ማንበቡ ቢከብደኝም በአፉ ነግሮኛልና አልሰማሁም አልልም።

ታዲያ ልጄ አረገዘች። እኔ አራስ ሳለሁ እናቴ ያረደችልኝ በእጇ ያሳደገቻትን ዶሮ ነው። ከሱቅ የመጣች የቀዘቀዘች ዶሮ ለአራስ ትሆናለች? አትሆንም! ጊቫት ኦልጋ ሰፈር ካለው ቤታችን ጀርባ አንዲት ቀይ ቄብ ደበቅሁ። አንዲት ዶሮ ደግሞ እርባታ ትባላለች እንዴ አልኩ ለራሴ።

አንድ ጠዋት ከመንግሥት የእንስሳት ሐኪም መጣች። የእኛው የሐበሻ ልጅ ናት፣ እዚሁ እስራኤል የተወለደች። ወለሉን፣ የጫማችንን ሥር ሳይቀር በጥጥ ጠርጋ ናሙና ወሰደች።

«በሽታ ከተገኘስ?» አልኳት።

«ዶሮዎቹ በሙሉ ይወገዳሉ፣ እትዬ።»

ያ ሁሉ ዶሮ! በእኔ ጫማ!

«ልጄ፣ ቤቴ ዶሮ አለችኝ» አልኩ።

«ስንት?»

«አንዲት! ለአራስ ናት!»

አለቃዬ ራሱን ያዘ። ሐኪሟ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እናቴም ለእህቴ እንዲሁ አድርጋለች። እሷ ግን ሉል አትሠራም» አለችኝ።

የዚያኑ ቀን ቤቴ መጥታ ከቄቧም ናሙና ወሰደች። ቄቧ ጮኸች፣ እኔ አለቀስኩ፣ ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እማ፣ ለዶሮ ብለሽ ሥራሽን ልታጪ? የምወልደው ሰው መሰለኝ እኮ!»

ውጤቱ እስኪመጣ ከሥራ ቅሪ ተባልኩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጬ አነሳለሁ። በአራተኛው ቀን አለቃዬ ደወለ።

«ንጹሕ ነው! ሉሉም ንጹሕ፣ ዶሮሽም ንጹሕ!»

እልል አልኩ! በረንዳ ወጥቼ እልል! ጎረቤቶቹ ልጄ የወለደች መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

«ነገ ሥራ ግቢ፤ ዶሮዋ ግን ዛሬውኑ ከቤት ትውጣ» ብሎኝ ነበርና አለቃዬ፣ አቅፌ የሰፈራችን አራጅ ዘንድ ወሰድኳት። ታረደች፣ ተገነጠለች፣ ፍሪዘር ገባች። የቀዘቀዘች ዶሮ ለአራስ አትሆንም ያልኩት እኔ፣ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ ፍሪዘሩን ከፍቼ አያታለሁ።

ልጄ ወሯ ገብቷል።